ድርቅ የማይገድለው፣ ክረምት የሚገድለው ቢጫ ቁጥቋጦ

«ድርቅ የሚቋቋም» ተብሎ የሚሸጥ ችግኝ ጎጃም ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ድርቅ መሆን የለበትም። ድርቁን ቻለው እንበል፤ ሐምሌንና ነሐሴንስ? ደብረ ማርቆስ ላይ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 1300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ተጠራቅሞ ይወርዳል፤ ከዚያ ረጅሙ በጋ ይከተላል። እዚህ የሚተከል ነገር ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚከብደውም ጥማቱ ሳይሆን ውኃው ነው።

ይህ ማብራሪያ ስፓርቲየም ስለሚባል ባለቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ነው። አገሩ በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ነው፤ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ሰሜን አፍሪካ። አውሮፓውያን «የስፔን መጥረጊያ» ይሉታል፤ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹን አስረው ይጠርጉበት ነበርና። ቁመቱ ሁለትና ሦስት ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ሲያዩት ቅጠል ያለው አይመስልም፤ ቄጤማ የሚመስሉ አረንጓዴ ዘንጎች ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሲያብብ ግን ዘንጎቹ በደማቅ ቢጫ ይሸፈናሉ፤ ሽታውም ደስ ይላል። በፈረንሳይ ከአበባው የሽቶ ቅመም ይወጣል፤ በደቡብ ጣሊያን ደግሞ ዘንጉን ዘፍዝፈውና ቀጥቅጠው ከልጡ ገመድና ጨርቅ ይሠሩ ነበር።

አዊ አካባቢ ያለ አንባቢ «ቢጫ አበባ ያለውማ ዲከረንስ አይደል?» ሊል ይችላል። አይደለም። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው፤ አበባው እንደ ትንንሽ ኳስ ክብ ነው። የስፓርቲየም አበባ ቅርጽ የአተርና የባቄላ ነው። ዲከረንስ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ገበሬ ምትክ እየፈለገ መሆኑ ይታወቃል፤ ነገር ግን ለከሰል ብሎ ስፓርቲየምን የሚያስብ ካለ ከወዲሁ ይተወው። ቁጥቋጦ ነው፤ ግንድ የለውም ማለት ይቻላል።

ለጎጃም ሰው የሚቀርበው ዘመዱ ሌላ ነው፤ ግብጦ። ግብጦና ይህ ቁጥቋጦ ከአንድ ንዑስ ቤተሰብ ይመደባሉ። ዝምድናው ለጨዋታ የተነሣ አይደለም፤ ቁጥቋጦው ለምን እንደሚመርዝም፣ በምን አፈር ላይ እንደሚስማማውም ለመረዳት ያግዛል። ሁለቱም ወደፊት ይመጣሉ።

ጥማትን እንዴት ይችለዋል?

ተክል ውኃ የሚያጣው በዋናነት በቅጠሉ ነው። ቅጠል ላይ በዓይን የማይታዩ በጣም ብዙ ቀዳዳዎች አሉ፤ ምግብ ለመሥራት አየር የሚያስገባው በእነሱ ነው፤ አየር ሲገባ ግን ተክሉ ውስጥ ያለው እርጥበት በዚያው ይተናል። በጋ ላይ ይህ ንግድ ኪሳራ ነው። አንዳንድ ዛፎች ኪሳራውን ለማቆም ቅጠላቸውን ያራግፉና ዝናብ እስኪመጣ ይተኛሉ። ስፓርቲየም ሌላ ዘዴ አለው። ቅጠሉ ከመጀመሪያውም ትንሽና ጥቂት ነው፤ ሙቀቱ ሲጠና ያንኑም ይጥለዋል። ምግብ መሥራቱን ግን አያቆምም፤ ምክንያቱም አረንጓዴው ዘንግ ራሱ የቅጠልን ሥራ ይሠራል። ዘንጉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ የሚያርፍበት ገጽ ትንሽ ነው፤ ላዩም ወፍራምና ውኃ የማያሳልፍ ነው። ስለዚህ ሌሎች ተክሎች ሥራ ሲያቆሙ እሱ በቀስታ መሥራቱን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ምሥጢሩ ከመሬት በታች ነው። ገና ከዘር እንደወጣ ከቁመቱ ይልቅ ሥሩን ያስቀድማል። ዋና ሥሩ ቁልቁል ይወርድና በጋ ያላደረቀውን እርጥበት ይፈልጋል። ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ ዋና ሥሩ አንዴ ከተቆረጠ ወይም ከተጣመመ ቁጥቋጦው እንደ ቀድሞው አይሆንም። ትልቅ ሆኖ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚነቀል ተክል አይደለም።

ሦስተኛ፣ እንደ ባቄላና እንደ ግብጦ ሁሉ ከአየር ናይትሮጅን የሚወስዱ ባክቴሪያዎችን በሥሩ ያስተናግዳል። ወጣት ተክል ከሥሩ አፈር ቀስ ብለው ሲገልጡ ትናንሽ እንክብሎች ተጣብቀው ይታያሉ። አንዱን በጥፍር ቢሰነጥቁት ውስጡ ሐምራዊ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴማ ከሆነ ገና አልጀመሩም ወይም ደክመዋል። ለዚህ ነው ድንጋያማና የተራቆተ መሬት ላይ የሚያድገው፤ ለዚህም ነው ዩሪያ የማያስፈልገው። ማዳበሪያ የበዛለት ስፓርቲየም ለስላሳና ረጃጅም ዘንግ ያወጣና በነፋስ ይወድቃል።

ታዲያ ክረምት ለምን ይገድለዋል?

ሥር ይተነፍሳል። ደህና አፈር ውስጥ በአፈር ቅንጣቶች መካከል አየር የያዙ ክፍተቶች አሉ፤ ሥር ኦክስጅን የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ዝናብ ሲጥል ክፍተቶቹ በውኃ ይሞላሉ፤ ውኃው በቶሎ ከወረደ አየር ይመለሳል፤ ካልወረደ ግን ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ይሞታል፤ የሞተውን ሥር ደግሞ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና መሰሎቻቸው ይገቡበትና ያበሰብሱታል። እንደ ጤፍ ያሉ ሰብሎች እርጥብ መሬት ላይ ጥቂት መቆየት ይችላሉ። ድንጋያማ ኮረብታ ላይ የኖረ ቁጥቋጦ ግን ይህን አልለመደም።

ጉዳዩን አሳሳች የሚያደርገው ምልክቱ የሚታይበት ጊዜ ነው። ሥሩ ነሐሴ ላይ ይበሰብሳል፤ ላዩ ግን ደመናውና ቅዝቃዜው ስላለ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ፣ ሥር የሌለው ተክል ውኃ መሳብ ያቅተውና ጫፉ ይጠወልጋል። ባለቤቱም ጠምቶት መስሎት ውኃ ያጠጣዋል። እንዲህ እየሆነ «ድርቅ ይችላል ያላችሁት ተክል ዝናቡ እንዳቆመ ደረቀ» የሚል ቅሬታ ይመጣል። አልደረቀም፤ ሰምጦ ነው የሞተው።

ቁጥሩን ማነጻጸር ይጠቅማል። ይህ ቁጥቋጦ ከአገሩ ወጥቶ በደንብ ከተስማማባቸው ቦታዎች አንዱ የፔሩ ደጋ ነው። እዚያ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ለአጥርና ለማገዶ ይጠቀሙበታል፤ የዝናቡም ሥርዓት እንደኛው ጥቂት የዝናብ ወራትና ረጅም ደረቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከፍታውም፣ የደጋው ብርድም አይከለክለውም፤ ያደገ ተክል ውርጭንም በደንብ ይችላል። ልዩነቱ መጠኑ ነው። በኩስኮ ከተማ የዓመቱ ዝናብ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ማርቆስ የዚያን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀራት። እዚያ እንዳደገ እዚህ ሜዳ ላይ ያድጋል ብሎ መደምደም የማይቻለው ለዚህ ነው።

የት ይተከል?

ከደጀን ወደ ቢቸና የሚወስደው ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ለጤፍ ምስጉን ነው፤ ለዚህ ቁጥቋጦ ግን መቃብሩ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ያብጥና ውኃውን ይዞ አይለቅም፤ በጋ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። በዚህ አፈር ላይ ግቢውን ማሳመር የሚፈልግ ሰው ድንጋይና ጠጠር የበዛበት ጉብታ ሠርቶ ከላዩ ቢተክል የተሻለ ዕድል አለው፤ ሜዳው ላይ ግን ባይሞክረው እመርጣለሁ።

እንጅባራና ማቻከል አካባቢ ያለው ቀይ አፈር ውኃ ያሳልፋል፤ ችግሩ ሌላ ነው። ለብዙ ዘመን ዝናብ ያጠበው መሬት ስለሆነ አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬውም ኖራ መጨመር የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስፓርቲየም ደግሞ የኖራ ድንጋይ ያለበትን መሬት የሚወድ ነው። በጥቂቱ አሲዳማ የሆነውን ይችለዋል፤ በጣም አሲዳማ ከሆነ ግን ሥሩ ያጥራል፤ ባክቴሪያዎቹም አይሠሩም። እዚህ የሚተክል ሰው ለጉድጓዱ በሚመልሰው አፈር ላይ የተፈጨ ኖራ፣ ካጣም ጥቂት የምድጃ አመድ ቢቀላቅል ይረዳዋል።

ከሁሉ የሚስማማው ተዳፋት ነው፤ የዓባይን ሸለቆ ቁልቁል የሚያይ አፋፍ፣ የተቆረጠ የመንገድ ዳር፣ የካብ ጫፍ፣ የድንጋይ አጥር ሥር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ማግኘት አለበት፤ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አያብብም።

ሰው በአፈሩ ስም ብቻ እንዳይወስን አንድ ቀላል ፈተና አለ። የክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈርና በውኃ ይሞላል፤ ውኃው ሲወርድ እንደገና ይሞላል። ሁለተኛው ውኃ በማግሥቱ ጠዋት አሁንም ካለ እዚያ አይተከልም። ፈተናው በበጋ ከሆነ ያሞኛል፤ ደረቅ መሬት ለጊዜው ብዙ ይጠጣል። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ መሬቱ ከራሰ በኋላ ሲሠራ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ከዘር እስከ ችግኝ

ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ እንዲሁ ቢዘራ አንዳንዱ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱ በዓመቱ ይበቅላል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይበቅልም። ቅርፊቱን ማላላት ያስፈልጋል። ውኃ ይፈላና ከእሳት ይወርዳል፤ መፍለቅለቁን ካቆመ በኋላ ዘሩ ላይ ይፈስስበትና እስኪቀዘቅዝ፣ ከዚያም እስከ ማግሥቱ እዚያው ይተዋል። ጠዋት ላይ ውኃ የጠጣው ዘር አብጦ ይገኛል፤ ያልተለወጠው ይለቀምና ሙቅ ውኃው ይደገምለታል። ዘሩ ጥቂት ከሆነ አንድ በአንድ በአሸዋ ወረቀት ጎኑን ፋቅ ማድረግም ይበቃል። እሳት ላይ መቀቀል ግን አይሆንም።

ያበጠው ዘር በቀጥታ በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ይዘራል፤ መደብ ላይ ዘርቶ ማዛወር ዋና ሥሩን ይጎዳል። ፕላስቲኩ ከስፋቱ ይልቅ ርዝመቱ ይታይ። አፈሩ አሸዋ የበዛበት ይሁን። እዚህ ላይ የግብጦን ዝምድና መጠቀም ይቻላል፤ ግብጦ ሲዘራበት ከኖረ ማሳ የተወሰደ እፍኝ አፈር ቢቀላቀልበት ለዚህ ቤተሰብ የሚስማሙት ባክቴሪያዎች አብረው ይመጣሉ። በገንዘብ የማይገዛ ነገር ነው፤ ጎጃም ለዚህ ታድሏል።

ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጀመሪያ ቢሆን ችግኙ ለክረምት ይደርሳል። ተዳፋት ላይ የሚተከል ከሆነ የሰኔ መጨረሻ ጥሩ ነው። ውኃ የሚያዘገይ መሬት ላይ ከሆነ ግን ሁሉም በሐምሌ ስለሚተክል ብቻ በሐምሌ መትከል ግድ አይደለም፤ ነሐሴ መገባደጃ ላይ ተክሎ የመጀመሪያውን በጋ ውኃ ማጠጣት ይሻላል። ችግኙ በጉድጓዱ ውስጥ ከዙሪያው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ለባሕር ዛፍና ለፍራፍሬ እንደምናደርገው ውኃ የሚያቁር ጎድጓዳ አይሠራለት። በመጀመሪያው በጋ በየቀኑ ጥቂት ጠብታ ከመስጠት በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ጠጥቶ እስኪጠግብ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይጠራዋል። ከሁለተኛው ዓመት ወዲያ ውኃ አያስፈልገውም።

መቁረጥ የሚገባው አበባው እንደረገፈ፣ ፍሬው ሳይጠነክር ነው። የዘንድሮው አረንጓዴ ዘንግ እስከ ግማሹ ይቆረጣል። ወደ ግራጫው አሮጌ እንጨት ጠልቆ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ መልሶ አያቆጠቁጥም። ይህን መቁረጥ የሚዘነጋ ሰው ቁጥቋጦውን ባይተክለው ይሻላል፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

ሁለት አደጋዎች

የመጀመሪያው መርዙ ነው። ግብጦ ተቆልቶ ለቀናት ወንዝ ውስጥ የሚዘፈዘፈው ምሬቱ እንዲወጣ መሆኑን የጎጃም እናቶች ያውቁታል። ያ ምሬት ተክሉ ራሱን ከሚበላው የሚከላከልበት አልካሎይድ የሚባል ኬሚካል ነው። ስፓርቲየምም ከዚያው ወገን የሆነ ሳይቲሲን የተባለ አለው፤ ይህ በሰውነት ላይ የሚሠራው እንደ ኒኮቲን ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ማዞር፣ ሲበዛም የትንፋሽ ችግር ያመጣል። ግብጦን በውኃ አጥቦ መብላት ስለተቻለ ይህም ይቻላል ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር፤ አይበላም፤ የሚያነጻው የታወቀ ዘዴም የለም። እጅግ የምፈራው ደግሞ ለልጆች ነው። ያልደረሰው ፍሬ ለጥ ያለና አረንጓዴ ነው፤ ሲፈለፍሉት በውስጡ የተደረደረ ዘር አለው። የአተርና የሽምብራ እሸት እየቀጠፈ ያደገ ልጅ ይህን እሸት አይደለም ብሎ የሚለይበት ምንም ምክንያት የለውም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ደጃፍ አይተከል። የበላ ልጅ ካለም ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ የበላውን ፍሬ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ከብትም በአብዛኛው አይነካውም፤ የበጋ ረኃብ ሲጠናበት ግን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ሁለተኛው አደጋ መስፋፋቱ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ሁለቱ ልጣጮች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይጠማዘዛሉ፤ ውጥረቱ ሲበዛ በቀትር ፀሐይ ጧ ብለው ይከፈቱና ዘሩን ይወረውሩታል። አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጎርፍ ያገኘው ደግሞ ሸለቆውን ተከትሎ ይወርዳል።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተራራ መንገዶች አፈር እንዳይሸረሸር ተብሎ ሆን ተብሎ ተተከለ። ዓላማው እኛ ተፋሰስ ላይ ከምንሠራው የተለየ አልነበረም። ዛሬ እዚያው በወራሪነት ተመዝግቦ እየተነቀለ ነው፤ ደረቅ ዘንጉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም የሰደድ እሳት ይመግባል። በደቡብ አፍሪካም በሕግ የተከለከለ ወራሪ ነው። ለጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት ብዙ አይከብድም፤ ጣና አለና። እምቦጭም በዓለም የዞረው በውብ አበባው ምክንያት፣ የጓሮ ገንዳ ጌጥ ሆኖ ነበር።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፤ ግቢ ውስጥ፣ ዓይን በሚያርፍበት፣ በየዓመቱ ፍሬው ሳይደርቅ የሚቆርጠው ባለቤት ባለበት ቦታ ይተከል። ጮቄ ተራራ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ የወል ግጦሽ መሬት ላይ፣ የተከለለ ተፋሰስ ውስጥ አይግባ። ሳር ክዳን ቤት አጠገብም አይሁን። ከግቢ ውጭ በራሱ የበቀለ ከተገኘ መሬቱ እርጥብ ሳለ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ላዩን ብቻ ማጨድ ከሥሩ አንገት እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል።

ገበሬ ከሆኑ ሌላ ዘመድ አለ

አፈር የሚይዝ፣ ለከብት የሚሆን፣ በጋን የሚችል ቁጥቋጦ ለሚፈልግ ገበሬ ስፓርቲየም መልሱ አይደለም። መልሱ የቅርብ ዘመዱ ትሪ ሉሰርን ነው። ይህም አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ካሉት የካናሪ ደሴቶች የመጣ ነው፤ አበባው ቢጫ ሳይሆን ነጭ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ላ ፓልማ በተባለችው ደሴት ለከብት ይመግቡት የነበረውን ይህን ቁጥቋጦ ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው የዚያው አገር ሐኪም ቪክቶር ፔሬዝ ነው። በእኛ ደጋም ለመኖነት ገብቶ ከቆየ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከደረቅ ቅጠሉ አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ በጋ ላይ ጭድ ብቻ ለሚበላ በሬና በግ ይህ ትልቅ ድጋፍ ነው። ንቦችም ይወዱታል።

የዘሩ አያያዝ አንድ ነው፤ ሙቅ ውኃ፣ ረጅም ፕላስቲክ፣ ከፍ ያለ ቦታ። በአሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ከስፓርቲየም ይልቅ ይታገሣል፤ ውኃ የሚተኛበትን ዋልካ ግን እሱም አይችልም። ልዩነቱ ሁሉም እንስሳ የሚወደው መሆኑ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ካልታጠረ ፍየል አንድ ቀን ውስጥ ትጨርሰዋለች። ዓመት ገደማ ሲሞላው ከመሬት አንድ ሜትር አካባቢ ይቆረጥና ቅጠሉ ታጭዶ ለከብቱ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በዓመት ጥቂት ጊዜ መልሶ ይታጨዳል። የመጨረሻው አጨዳ ውርጩ ከመጠንከሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ አዲስ የሚወጣውን ለጋ ቀንበጥ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እንዳያቃጥለው።